ቧንቧው ሥር ያሰርኳት ጯሂ

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ በስደት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነኝ። አንድ ሹፌር ከናይሮቢ ፕሮግራም የሚጻፍባት፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ቦርድ አመጣልኝ። መብራት አበራሁባት፣ አጠፋሁባት፤ ከዚያ ሌላ ሥራ አጣሁላት።

ሥራ ያገኘችላት ባለቤቴ ናት። ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ትሠራለች። እኛ ሰፈር ደግሞ የቧንቧ ውኃ ሰዓት የለውም፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ካመለጣት ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ባለፈው በጋ ደጋግማ ዘግታ ደንበኞቿ ሌላ ቤት ለምደውባት ነበር። በስንት ልመና መለሰቻቸው። "አንዴ ከተደገመ ግን በቃኝ፣ እተወዋለሁ" ትል ነበር። እንደማትቀልድ አውቃለሁ።

ቧንቧው ሥር ከታች የተበሳ የቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጬ ሁለት ሽቦ ከተትኩበት። ውኃ ሲነካቸው ቦርዷ ያሰርኩባትን ጯሂ ታስጮሃለች። ቀላል መስሎኝ! ቧንቧው ገና አየር ሲተነፍስ በሚረጫት ጠብታ ሁሉ እየጮኸች አሳበደችን። ባለቤቴ ሽንኩርቷን ጥላ ትሮጣለች፤ ቧንቧው ፊሽ ይልና ዝም። "ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! የአንተ ነገር ይኸው ነው" ብላኝ ትመለሳለች። ፕሮግራሙን አስተካከልኩ፤ ሽቦዎቹ ረጥበው ትንሽ ካልቆዩ ትንፍሽ እንዳትል አዘዝኳት። እሰይ፣ ሠራች።

ጯሂዋን ግን ያወጣኋት ከአሮጌ የጭነት መኪና ነው፤ ወደኋላ ሲሄድ ሰው ዞር በል የምትለዋ ናት። ውኃው የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጎረቤታችን ቦረናዋ እማማ "ቢሻን ዱፌ!"፣ ውኃ መጣ፣ እያሉ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ቀድመው ደረሱ፤ ከኋላቸው መንደሩ። በዚያ ሰፈር ቧንቧ ያለን እኛ ብቻ ነን። እዚህ አገር ደግሞ ውኃ እየፈሰሰ "የለም" ማለት ነውር ነው።

ባለቤቴ እየሳቀች ቀዳችላቸው። እንደወጡ ወደኔ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ውኃ ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ ሠርግ ጥራልኝ አልኩህ? በርሜሎቼ ግማሽ እንኳ አልሞሉም! ንቀላትና በሷ ፋንታ ወጥ ቤት ውስጥ የሚበራ አምፖል አድርግልኝ።"

ተናደድኩ፤ ልክ ስለሆነች ደግሞ ብሶብኝ ተናደድኩ።

ሳልነቅላት ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ለቅሶ መጣብን። ቁልፉን እንደ ልማዳችን ለእማማ ሰጥተን ተሻገርን። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፣ በማግስቱ ደግሞ ሹፌሮቹ ይገባሉ። ባለቤቴ ለቅሶው መሀል "ይኼኔ መጥቶ ሄዶ ይሆናል" ትለኛለች በጆሮዬ።

ስንመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ግቢው ጭቃ ነው። ውኃው መጥቶ ሄዷል። ባለቤቴ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

"በቃ" አለች።

አቤት፣ እንዴት እንደፈራሁ! የመጀመሪያውን በርሜል ክዳን እኔ አነሳሁት፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ቀጣዩም ሙሉ ነው። ድስቶቿ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ሞልተው ጨርቅ ለብሰዋል።

እማማ በተሰባበረ አማርኛቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገቡ። "ያቺ ነገር ጮኸች፣ ሁላችን መጣን። እናንተ የላችሁም። የቧንቧውን ጎማ ከበርሜል በርሜል አዛወርን፣ ያንቺን ሞላን።"

"የእናንተስ?" አለች ባለቤቴ።

"ለኛ ሳይደርስ ሄደ። ምን ይደረግ፣ ነገ እንግዳ አለሽ።"

ያኔ ነው አጥሩ ሥር የተደረደሩትን ጀሪካኖች ያየሁት። ሁሉም ባዶ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ባለቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጆግ ይዛ ከሞላው በርሜል እየጨለፈች የእማማን ጀሪካን መሙላት ጀመረች። እማማ "ተይ፣ ተይ" ቢሉ አልሰማችም። ቀና ሳትል ጠራችኝ።

"ይቺ ጯሂህ ታች ሰፈር ድረስ ትሰማለች?"

"እንጃ፣ የምትሰማ አይመስለኝም።"

"እንድትሰማ አድርጋት።"