የአትባራው ባቡር

ባቢክር ጎንደር ሲገባ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። አትባራ በምትባል የሱዳን የባቡር ከተማ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ስሙ ከሥራ ማቆም አድማ ጋር ተነሣ፤ ታሰረ፤ ሲፈታም ከሥራው ተባረረ። በመተማ ተሻግሮ ዳገቱን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለች ጋራዡ የጎንደርን የጭነት ማኪና ሲጠግን ኖረ። አማርኛው ሸጋ ነው፤ ስለ አገሩ ግን አያወራም። የሚጠይቀው ሲመጣ «ሙቀቱ አይቻልም» ብሎ ያልፈዋል።

ዝምታው ያለ ምክንያት አልነበረም። እስር ቤት ሳለ ታላቅ እኅቱ ሲትና ልትጠይቀው መጥታ፣ በፍርግርጉ በኩል እጁን ይዛ አፉን እንዲዘጋ ለምናው ነበር። ሲትና ፈሪ ነበረች። ወታደር የቆመበትን መንገድ ዞራ ታልፋለች፤ ጎረቤት ስለ መንግሥት ሲያወራ ተነሥታ ትሄዳለች። እሱም ቃሏን ጠበቀ፤ ድንበር ከተሻገረ በኋላም ጠበቀ።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አትባራ ውስጥ ዳቦ ተወደደና ሰው አደባባይ ወጣ። ሲትና በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችለት። የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ከኋላዋ ግን የሕዝብ ድምፅ ይሰማል። ባቢክር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ አደመጠ። እሱ የሚያውቀው ሰልፍ ሃምሳ ስልሳ ወንዶች የሚጮኹበት ነበር። ይኸኛው የሴቱም፣ የሕፃኑም፣ የሽማግሌውም ድምፅ አለበት፤ ማለቂያም የለው።

አብሮት የሚሠራው በያጅ ሰጠኝ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው። በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ባቢክር ሞተር ፈትቶ ሳይጨርስ ሲቆም አይቶት አያውቅም።

«አያ ባቢክር፣ ምነው? ክፉ ሰማህ እንዴ?» አለው።

«አገሬ ሰው ተነሥቷል» አለ ባቢክር። «እኔ የማውቀው ሰው ግን አልመስልህ አለኝ።»

ያን ቀን አድማውንም፣ እስሩንም፣ የእኅቱንም ልመና ለመጀመሪያ ጊዜ አወራው። ሰጠኝ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

መልእክቱ በየሳምንቱ መምጣቱን ቀጠለ። መጀመሪያ ሲትና የምትናገረው ከተዘጋ በር ኋላ ነበር። ቀጥሎ ከደጃፏ ሆነ። የካቲት ላይ ከመንገድ መሐል ሆነ፤ ሹክሹክታውም ቀረ። ባቢክር ድምፅዋን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ስድሳ አራት ዓመት የኖረች እኅቱን ገና አሁን የሚተዋወቃት መሰለው።

ሚያዝያ ላይ ገዢው ወረደ። ሕዝቡ ግን ወደ ቤቱ አልገባም፤ ካርቱም ላይ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጊዜው ሕማማት ነበር። ሰጠኝ ቁስቋም ሲሰግድ ውሎ ወደ ጋራዡ ብቅ ቢል፣ ባቢክር ግቢው መሐል ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቆሟል።

በስልኩ ላይ ባቡር ይታያል። ከአትባራ ተነሥቶ ካርቱም እየገባ ነው። ጣሪያው ሰው ነው፤ መስኮቱ ሰው ነው፤ ሐዲዱም ሰው ስለሆነ ባቡሩ በእግረኛ ፍጥነት ይሳባል። ሕዝቡ ለሁለት እየተከፈለ ያሳልፈዋል፤ መልሶም ከኋላው ይገጥማል።

«ይኽ መሥመር ሞቷል ብለውኝ ነበር» አለ ባቢክር። «ማን ጠገነው?»

ሰጠኝ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ኋላም ቆቡን አወለቀ።

«ለጥምቀት እንኳ ይኽን ያህል ሰው አላየሁም» አለ። «ደግሞ አንድም ዱላ የያዘ የለ።»

ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ሲትና ነበረች። የት እንዳለች ቢጠይቃት በዚያው ባቡር ካርቱም መግባቷን ነገረችው። ጣሪያው ላይ ለመውጣት ጉልበቷ እምቢ ስላላት ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ቆማ ነው የመጣች።

«አንቺ እኮ ትፈሪ ነበር» አላት በአረብኛ።

«አሁንም እፈራለሁ» አለችው። «እዚህ ያለው ሁሉ ይፈራል። ብዙ ስለሆንን ግን ፍርሃቱ ለእያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት ነው የሚደርሰን።»

የረመዳን ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሲትና ገና ካርቱም ሳለች፣ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ባቢክር ሦስት ቀን ቢደውል ቢደውል መልስ አጣ። በአራተኛው ቀን ሰጠኝ ጋራዡን ቆልፎ በጭነት ማኪና ይዞት መተማ ወረደ። ድልድዩ አጠገብ አንድ ከሱዳኗ ገዳሪፍ የመጣ ሾፌር የሱዳን ስልኩን ሰጣቸው። ባቢክር አትባራ ወዳሉ ጎረቤቶቿ ደወለ፤ እነሱም ጠሯት።

ሲትና በሕይወት አለች፤ ቤቷ የገባችውም ትናንት ማታ ነው። ክንዷ ተሰብሯል። ስሟን እንኳ የማያውቁ ሁለት ልጃገረዶች ከወደቀችበት አንሥተው እንዳወጧት፣ አንደኛዋ ግን ሌላ ሰው ለማንሣት ተመልሳ እንደቀረች እያለቀሰች ነገረችው። ባቢክርም ከድልድዩ ግንብ ተደግፎ፣ አይቷት ለማያውቃት ልጅ አለቀሰ።

«በወሩ መጨረሻ እንደገና እንወጣለን» አለችው ሲትና።

ተይ አላላትም። «በርቺ» ብቻ አላት።

ነሐሴ ላይ ጦሩና የሕዝቡ ተወካዮች ሥልጣን ለመጋራት ተፈራረሙ፤ ባቢክርም ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ድልድዩን ተሻገረ። አትባራ ሲደርስ ሲትና ቤት አልነበረችም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሰፈር ስብሰባ ላይ ናት አሉት። ሄዶ በሩ አጠገብ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ፊት አንዲት አጭር አሮጊት ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትናገራለች። ሲትና ወንድሟ መምጣቱን አላየችም። ባቢክርም አልጠራትም፤ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ንግግሯን እስክትጨርስ አዳመጠ።