ቢሾፍቱ ያየኋት አይጥ

ከኮልፌ ስወጣ ካፊያ እየጣለ ነበር። ልጄን ናሆምን ለአማቴ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ናሆም ሲወለድ አንጀቱ ተዘግቶ ስለነበር ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጸዳዳው ሆዱ ላይ በተከፈተችለት ቀዳዳ ነው። አሁን ሐኪሞቹ ቀዳዳዋን እንዝጋ ብለው ቀጥረውናል። ባለቤቴ ደረጀ ግን ማደንዘዣ ሲደጋገም የሕፃን አእምሮ ይጎዳል ሲሉ ሰምቶ፣ አልፈርምም ብሏል። ቢሾፍቱ የምትሠራው የአጎቴ ልጅ ሰናይት ይህንኑ ጉዳይ በአይጦች ላይ ታጠናለች። ስደውልላት «መጥተሽ እዪው» አለችኝ።

መንገድ

ከ18 ማዞሪያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ቃሊቲ። በቢሾፍቱው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የዘይት ጀሪካን በእግራቸው መሃል ይዘው ነበር። ዱከምን ስናልፍ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«አልራበኝም፣ እማማ።»

«ብዪ እንጂ! የምታጠቢ አይደለሽ?» አሉ ደረቴን እያዩ። ወተቴ ልብሴን አርሶት ነበር። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩትና ቆሎውን ተቀበልኩ። ውጪው ጭቃና የፋብሪካ አጥር ብቻ ነው።

ገንዳው

ሰናይት ነጭ ካፖርት አልብሳ ወደ ቤተ ሙከራው አስገባችኝ። አይጦቹ አድገዋል፤ ወፍራምና ንጹሕ ናቸው። ገና እንደተወለዱ ደጋግመው በማደንዘዣ የተኙትን ካልተኙት መለየት አልቻልኩም።

ክፍሉ መሃል ክብ የውሃ ገንዳ አለ። ከውሃው ሥር የማይታይ መቆሚያ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያልተኛችውን ለቀቀቻት፤ ቀጥ ብላ ዋኝታ መቆሚያው ላይ ወጣች። ከዚያ የተኛችውን ለቀቀች። ይቺ ግድግዳውን ተከትላ ዞረች። አሁንም ዞረች። መቆሚያው አጠገብ ደርሳ አለፈችው።

«መቆሚያውን ትናንትም አሳይተናታል፤ ከትናንት ወዲያም» አለች ሰናይት።

«አውጪያት።»

«ሰዓቷ አልሞላም።»

እጄን ሰድጄ አወጣኋት። አንጓዬን በጥፍሮቿ ጨምድዳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሰናይት የዕለቱ ሙከራ እንደተበላሸባት አውቃለሁ፤ እሷ ግን ፎጣ አቀበለችኝ።

ውጪ ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

«አይጥ ሰው አይደለም» አለች። «እነዚህን ለዕድሜያቸው ብዙ ሰዓት ነው ያስተኛናቸው። የናሆም አጭር ነው።»

«ምንም አይሆንም በይኛ!»

«አልልሽም። አላውቅም። ሳይዘጋለት ቢቀር ግን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ልጅሽ ቢሆንስ?»

«እየፈራሁ አሠራዋለሁ።»

ቤት

ስደርስ ደረጀ ናሆምን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል። አይጧን ሳልደብቅ ነገርኩት። ናሆምን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ «ሲነቃ ሌላ ልጅ ቢሆንብንስ?» አለኝ።

«እሱንም እናሳድገዋለን።»

በቀጠሮው ቀን ፈረመ። ናሆምን ከእቅፉ ስላላወረደ ነርሷ ወረቀቱን ያዘችለት።

የሄድኩት ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት የማታውቀውን አላውቅም የምትል ዘመድ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንም እንደማይሰጠኝ የገባኝም በዚያ ጉዞ ነው። የናሆም ሆድ ድኗል፤ ይበላል፣ ይሄዳል። ሁለት ዓመት አልፎት እስካሁን ግን አፉን አልፈታም። አማቴ ወንድ ልጅ ይዘገያል ይላሉ። ከማደንዘዣው ይሁን፣ ከመጀመሪያው ሕመሙ ይሁን፣ ወይም ተፈጥሮው ይሁን የሚነግረን የለም። ስሙን ስጠራው ብዙ ጊዜ አይዞርም። ጠጋ ብዬ ደግሜ እጠራዋለሁ።