ጀርባዋን ሰጥታ የምትጫወተው ኧርሊን

ቴክሳስ ባለችው ፖርት አርተር ከተማ ውስጥ ኧርሊን ጊድሪን ማን ይወዳታል ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠራው የአባቷ ስም ብቻ ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ የሚወዷት ጊታሯን እስካላነሳች ድረስ ነው።

ረጅምና አጥንታም ልጅ ነበረች። ምላሷ ምላጭ ነው። ቀን ቀን ላውንደሪ ውስጥ የነዳጅ ማጣሪያውን አለቆች ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ገብታ ጊታር ትመታለች። የሰፈሩ ሴቶች በአጠገባቸው ስታልፍ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ያሟት ነበር።

«ይቺ ወንዳወንድ! ማን ያገባት ይሆን?»

«የአንቺን ባል አልወስድብሽም፣ አትስጊ» ትላለች ሳትዞር። «ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ የብብቱ ሽታ በካውያም አይለቅም።»

የኤሌክትሪክ ጊታሩን የሰጣት አጎቷ ኖላን ነበር። ማጣሪያው ውስጥ ማሽን ጣቶቹን ከቆረጠበት በኋላ ቂሙን ሁሉ እሷ ላይ ተወጣው። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «እንደገና! ደንቆሮ፣ እንደገና!» እያለ በጩኸት አስተማራት። ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ይተወው ነበር። ኧርሊን ግን እልኸኛ ናት፤ አጎቷን አፉን ለማስያዝ ብላ ተማረች። አንድ ቀን አፉን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሊሰማት አልፈለገም።

ታላቅ ወንድሟ ዶርሲ መልከ መልካም ነው፤ ይዘፍናል። «የረግረግ መብራቶች» የሚባል ባንድ ነበረው። ጊታሪስቱን ለጦር ሠራዊት መለመሉበትና ቸግሮት እህቱን ጠራት።

«ለጊዜው ነው» አላት። «ሰው እስካገኝ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? ወንበር?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ። ዝም ብለሽ ከኋላ ቁሚ፤ ፀጉርሽንም አበጥሪ።»

የሚጫወቱት ድልድዩን ተሻግረው በጎረቤት ግዛት በሉዊዚያና በኩል ካለ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እሁድ ከሰዓት የማጣሪያው ሠራተኞችና መርከበኞች ቢራ ሊጠጡና ሊጨፍሩ ይመጣሉ። ኧርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣች ዕለት ገና አንድ ዘፈን ሳያልቅ ስድቡ ተጀመረ።

«ምን ጉድ ነው! ዶርሲ፣ የቤት ሠራተኛህን ነው ያመጣኸው?»

«አንቺ! ወጥሽ እንዳያር ሂጂ ቤትሽ!»

በቢራ የተሞላ ኩባያ ተወረወረና ደረቷ ላይ ፈሰሰ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶርሲም ሳቀ። ኧርሊን ያን ሁሉ ፊት እያየች መጫወት ስላቃታት ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ነገሩ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ፊቷን ስታዞር ጊታሩ ከትልቁ የድምፅ ማጉያ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠመ፤ ገጥሞም ጮኸ። እንደ ታረደ በሬ የሚጮህ፣ የማያባራ፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ወጣ። ዶርሲ ደንግጦ «ዝጊው! ዝጊው!» አለ። ልትዘጋው እጇን ሰደደች። ወዲያው ግን ወገቧን ትንሽ ስታዞር ጩኸቱ አብሮ ሲታጠፍ ሰማች። ወደ ማጉያው ቀረብ ስትል ወጣ፣ ራቅ ስትል ወረደ። ዝጊ የተባለችውን ትታ ትመራው ጀመር። ቢራው ከሸሚዟ እየተንጠባጠበ፣ አንድ እንኳ ክር ሳትመታ፣ በሰውነቷ ብቻ ዜማ አወጣች።

ቀና ብላ ስታይ ድራመሩ መትቶ መትቶ ደክሞት ቆሟል። ከዚያ ከፊሉ ሰው ጆሮውን ይዞ ወጣ፤ የቀረው እርስ በርሱ ተደባደበ።

በሚቀጥለው እሁድ የመጣው ሰው እጥፍ ሆነ። ወዷት አልነበረም የመጣው፤ ሊሰድባት ነው። እሷም ሰላምታ ሳትሰጥ ጀርባዋን አዙራ ታስጮኽባቸዋለች። ማጉያው ውስጥ ድምፁን የሚያርገበግበውን ወረቀት በምላጭ ሰንጥቃ ድምፁን አሻከረችው። ክሩን አላልታ ማጣሪያው ጋዝ ሲያቃጥል እንደሚያጓራው እንዲያጓራ አደረገችው። ዘፈኖቹ ረዘሙ፤ መጀመሪያና መጨረሻቸው ጠፋ። ቀስ በቀስ ከሂዩስተን ፀጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች መምጣት ጀመሩ። እነሱ አይሳደቡም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። በኋላ ሳይኬደሊክ ሮክ የሚል ስም የወጣለት ነገር ያኔ እዚያ ስም አልነበረውም። ዶርሲ «የእህቴ እብደት» ይለው ነበር።

ወሬው ሂዩስተን ደረሰና ላማር ቲግ የሚባል ሸክላ የሚያሳትም ሰው መጣ። ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ሲያወራ ዶርሲን እንጂ እሷን አያይም። በሱቁ ጓዳ ውስጥ ባለችው የድምፅ መቅረጫ ክፍሉ አጫወታቸው። ኧርሊንን ጥግ ላይ አቆማትና በመጋረጃ ከለላት፤ ድምፁ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ነው አላት። አመነችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶርሲ ጊታሯን «ላሳድስልሽ» ብሎ ለሁለት ቀን ወሰደው። ኧርሊን ደግነቱ ገረማት፤ ወንድሟ ቸር ሰው አልነበረምና። ደግነቱ ምን እንደነበር የገባት የከተማው ሸክላ ቤት መስኮት ላይ የባንዱን ሸክላ ሽፋን ስታይ ነው። አራት ወንዶች ረግረግ ውስጥ ቆመዋል። ጊታሯን የያዘው የአጎታቸው ልጅ ሮኒ ነው፤ ሮኒ ደግሞ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እንጂ ጊታር ይዞ አያውቅም። ከሽፋኑ ጀርባ «ጊታር፦ ሮኒ ጊድሪ» ይላል።

ቤት ስትገባ አባቷና ዶርሲ ጋምቦ የሚባለውን ወጥ በሩዝ እየበሉ ነበር። ሸክላውን ሳህናቸው መሀል አስቀመጠችው።

«ይሄ ማነው?»

ዶርሲ ሩዙን አላመጠ። «ቲግ ነው ያለው። ይሄ ሙዚቃ ሴት ካለችበት አይሸጥም አለ። ጉዳዩ የፎቶ ነው፣ አታካብጂ።»

«ስሙስ? ስሙም ፎቶ ነው?»

«ስም ምን ይሠራልሻል? አግብተሽ ትቀይሪው የለ!»

ኧርሊን ወደ አባቷ ዞረች። አልሲድ ጊድሪ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማጣሪያው የቧንቧ ብየዳ ላይ የኖሩ፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ልጄ፣ ተይው» አሉ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ። «ወንድምሽ ይውጣበት። ካንቺ ስም ይልቅ የሮኒ ይሻላል፤ ሰው አፍ አትግቢብኝ።»

«ገብቼ የለም እንዴ! ስገባ የት ነበሩ?»

ዶርሲ ጠረጴዛውን መታ። «አባቴ ላይ አትጩኺ!»

«አንተ ሌባ ዝም በል! ካሳደግኸው ፀጉር በቀር የራስህ የሆነ ነገር የለህም!»

ጋምቦውን በነበረበት ትታ ጊታሯን ይዛ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላውንደሪው በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይታ ኖረች።

ሸክላው ግን ተሸጠ። ከካሊፎርኒያ ሰዎች ባንዱን ሊሰሙት፣ ከወደዱት ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው ሊያዞሩት ሂዩስተን እንደሚመጡ ተሰማ። ያኔ ዶርሲ ጭንቅ ያዘው። ሮኒ በሽፋን ላይ እንጂ በመድረክ ላይ ጊታር አይችልም። ስለዚህ እህቱ ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቆ ላውንደሪው በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ኧርልዬ...»

«ሸሚዝህን አምጥተህ ነው?»

«ተይ እንጂ። አንድ ቀን ብቻ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ትጫወቻለሽ፣ ሮኒ ከፊት እጁን ያንቀሳቅሳል። ከሄድን በኋላ ሁሉን አስተካክላለሁ። በእናታችን መቃብር!»

«መቃብሯን ተዋት፤ እሷ አልዋሸችኝም።»

እሺ ማለቷን ማንም አልጠበቀም። እሺ ያለችው ስለ ዶርሲ አልነበረም። ሂዩስተን ያለው አዳራሽ እንደ ቤት የተቆለሉ ማጉያዎች እንዳሉት ሰምታለች፤ በዚያ ሁሉ ማጉያ ውስጥ ጩኸቷ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ መስማት ፈለገች። ይህን ምኞቷን ለማንም አልተናገረችም።

ዕለቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው። ኧርሊን ጀመረች። ድምፁ ከማጉያዎቹ ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ደርሶ፣ ተመልሶ ደረቷን መታት። ጥርሷ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፤ እያነባች እንደሆነ ያወቀችው ጨው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሕዝቡ እግሩን እየመታ ይጮሃል።

«ሮኒ! ሮኒ! ሮኒ!»

ትንሽ ታገሠች። ከዚያ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ጊታሯን እያስጮኸች ወጣች። ቢራ ከተደፋባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ለሕዝብ ሰጠች።

ያጨበጨበላት አልነበረም። መጀመሪያ ግር አላቸው፤ ከዚያ ፉጨቱ ወረደ። «ይቺ ደግሞ ማናት? አስወጧት!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። አንዲት ልጅ «ሮኒ፣ ሚስትህ መጣችብህ!» ብላ ሁሉን አሳቀች። ዶርሲ ፊቱ በርበሬ መስሎ ሮጠና የጊታሯን ገመድ ነቀለው። ድምፁ እንደ ተቆረጠ አንገት ቀጥ አለ።

ኧርሊን የወንድሟን ማይክራፎን ሳበች።

«በሉ እንግዲህ» አለች። «ሮኒያችሁ ይጫወትላችሁ።»

ሕዝቡ ወደ ሮኒ ዞረ። ምስኪኑ ሮኒ በላብ ተጠምቆ ክሩን ነካ፤ የዝንብ ድምፅ የምታህል ነገር ወጣች። ሳቁ ሮኒ ላይ ወረደ፣ ዶርሲ ላይ ወረደ፣ እሷንም አልማራት። የተረዳት ግን የለም፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ጊታሯን አንግታ በሳቁ መሀል አልፋ ስትወጣ ላማር ቲግ በር ላይ ጠበቃት።

«ሥራዬን ገደልሽው! አንቺ እርጉም!»

«ዛሬ ገና አየኸኝ» አለችው፣ አልፋው ሄደች።

ከካሊፎርኒያ የመጡት ሰዎች በዚያው ቀን ተመለሱ። ድምፁን ወደውት ነበር፤ ነገር ግን የቤተሰብ ጠብ ይዘው በየከተማው ሊዞሩ አልፈለጉም። ሴት ጊታሪስት እንዲያዞሩ ያሳሰባቸውም ሰው አልነበረም። ባንዱ ፈረሰ። ዶርሲ ፀጉሩን ተቆርጦ እንደ አባቱ ማጣሪያ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በአንዲት ከተማ ኖሩ፤ አንድም ቀን ሰላም አልተባባሉም። አባታቸው ሲሞቱ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ በግራ እሷ በቀኝ ተቀመጡ። ከተማው የሂዩስተኑን ነገር እያጋነነ ሲያወራ ኖረ፤ በወሬው ውስጥ ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ እሷ ናት። «ወንድሟን ያጠፋች» ይሏታል። እሷም እኔ አይደለሁም ብላ አልተከራከረችም። ላውንደሪው ውስጥ አለቃ ሆነች፣ ሠራተኞቿም ፈሯት። ባል አላገባችም፤ ሁለት ጠያቂ መጥቶ ሁለቱም ጊታሩን እንድትተው ስለጠየቁ በመጡበት እግር መለሰቻቸው።

አንዳንዴ ሬዲዮኑ ሌሎች የሠሩትን፣ የእሷን የሚመስል ጩኸት ያሰማል። ሠራተኞቿ ከሥራቸው ቀና ብለው ሰረቅ አድርገው ያዩአታል።

«ዘግይተዋል» ትላለች፣ ካውያዋን ሳታቆም።

ካረጀች በኋላ ከዴንማርክ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ መጣ፤ ሮኒ ጊድሪ የት አለ እያለ ይጠይቃል። ሮኒ ጀልባ ተገልብጦበት ከሞተ ቆይቷል። ሰውየው ሲጠይቅ ሲጠይቅ ዶርሲ ዘንድ ደረሰ። ሳንባው የታመመው፣ በከዘራ የሚሄደው ዶርሲ ሰውየውን በራሱ መኪና ጭኖ ኧርሊን በር ላይ አመጣው። በሩን ስትከፍት ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሷ ናት» አለ ለእንግዳው። «ሮኒ ምንም አልተጫወተም። ሁሉም የእሷ ነው። እኔ ነኝ የካድኳት።»

ኧርሊን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ምነው? ምላስህን ከየት አገኘኸው?»

«ኧርልዬ፣ ልሞት ነው።»

«ሁላችንም ነን።» ወደ እንግዳው ዞረች። «አንተ ግባ። አንተ ግን» አለች ለወንድሟ፣ «እዚያው።»

በሩን ዘጋችበት። ጋራዡ ውስጥ አሮጌውን ማጉያ ከፈተችና ጀርባዋን ለእንግዳው ሰጥታ ጀመረች። ጣቶቿ አርጅተው ነበር፣ ወገቧ ግን አልረሳም። ጋራዡ ተናጋ። ዶርሲ ውጭ መኪናው ላይ ተደግፎ እንደሚሰማ ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ድምፁን ጨመረችበት።

ጎረቤቷ ሚስስ ከርሾ እንደ ልማዷ ፖሊስ ጠራች። ወጣቱ ፖሊስ መጥቶ የጋራዡን በር ሊያንኳኳ ሲል ዶርሲ በከዘራው መንገዱን ዘጋበት።

«ትጨርስ» አለው።

«ጋሼ፣ መንገዱን ይልቀቁልኝ፤ ሰፈሩ እየታወከ ነው።»

«ይታወክ! ትጨርስ አልኩህ! አንድ ጊዜ አቋርጫታለሁ።»

ኧርሊን ይህን ሁሉ በበሩ ስንጥቅ ሰማች። አላመሰገነችም። የጀመረችውን እስከ መጨረሻው ተጫውታ፣ ማጉያውን አጥፍታ ወጣችና ፖሊሱን «ጨርሻለሁ» አለችው። ወንድሟን ደግሞ «ሂድ ቤትህ፤ እራትህ ይቀዘቅዛል» አለችው።

በሚቀጥለው እሁድ ዶርሲ ተመልሶ መጣ። በሩን አልከፈተችለትም። ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ ከፍታለት አታውቅም። ጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ግን አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር አውጥታ ነበር፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሰማታል።