አዴ ጫልቱ የጨመሩት ቋጠሮ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሽማግሌዎቹ "ታዬ፣ ምስክርነትህን አጠር አድርግ" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን በቅሎ ጫኝ ስለ መንገድ ሲያወራ አጥሮለት አያውቅምና ታገሱኝ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ዛሬ ምሳ አይወርድልኝም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከጎባ ደሎ መና እየተመላለስኩ ቡናና ማር ስጭን ነው ጸጉሬ የሸበተው። የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ማደሪያ አቆጣጠር። በየቀኑ የት እንደሚታደር፣ ውሃው የት እንዳለ፣ ሳሩ የት እንደሚገኝ፣ ዝናብ ቢመጣ ማን ቤት እንደሚጠጉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ "ታዬ፣ ማደሪያችንን ቁጠርልን" እያሉ ይመጡ ነበር። ለእያንዳንዱ ማደሪያ በጠፍር ላይ አንድ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። በደረስንበት ሁሉ አንዱ ይፈታል። ቋጠሮው ሲያልቅ ደርሰናል ማለት ነው። የጫኝ ደንብ ደግሞ ነበረን፤ በተቋጠረ ላይ አይጨመርም፣ የዘገየ ሰው እሳቱን አይቶ ይምጣ።

በዚህ ደንብ ነው ደምሴን ሳነቴ አምባ ላይ ትቼው የሄድኩት።

ደምሴ ባልንጀራዬ ነው፣ የሮቤ ሰው። አንድ እንጀራ ቆርሰን፣ አንድ ጋቢ ተካፍለን ስንት ዓመት አብረን ጭነናል። አንድ ጊዜ ከደሎ መና ስንመለስ ወባ ይዞት መጣ። ሳነቴን ታውቁታላችሁ፤ ጅብራና ድንጋይ እንጂ ቤት የለበትም። በአንድ ቀን ካላቋረጡት ብርዱ አይምርም። ደምሴ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተደግፎ ተቀመጠና "ታዬ፣ ትንሽ ጠብቀኝ" አለኝ። እኔ "ቀስ ብለህ ድረስ፣ እሳት አነድልሃለሁ" ብዬው በቅሎዎቼን ነዳሁ። እሳቱንም አነደድኩ። ደምሴ ግን አልመጣም። በማግስቱ ከኋላችን የመጡ ነጋዴዎች አግኝተው ጎባ አደረሱት። ነፍሱ ተረፈች፤ የግራ እግሩን ጣቶች ግን ብርዱ በላቸው።

ሰው ሲጠይቀኝ "ደንቡ ነው" እል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ "ደንቡ ነው" አልኩ። ሮቤ ገበያ ሲያነክስ ሳየው ግን ጨው ሳልገዛ በሌላ በኩል እወጣ ነበር።

አምና የደሎ መና አማኞች ወደዚህ ወደ ጎባ፣ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ሊመጡ ተነሱ። መንገድ የሚያውቅ ሰው ፈልገው እኔን ቀጠሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ስለ እናንተ ጥሩ አላወራም ነበር። "ጠላ የማይጠጡ ሰዎች እስከ ጎባ ድረስ ምን ሊያወሩ ነው?" ብዬ ስቄባቸዋለሁ። አራት ቋጠሮ ቋጠርኩ። ሁለቱ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ሦስተኛው ሪራ መንደር፣ አራተኛው ሳነቴን ተሻግረን ቁልቁለቱ ሥር። በአምስተኛው ቀን ጎባ፣ ከጉባኤው በፊት።

ልንነሳ ስንል ከፊት የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አዴ ጫልቱ! ዳሌያቸውን የሚያማቸው፣ ምርኩዝ የያዙ ባልቴት።

"እናቴ፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ፣ መንገድ ይዘጋሉ" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ልጄ፣ የእኛ ጉዞ እንዲህ ነው። ከሁሉ የደከመው ከፊት ይሄዳል፣ ማንም አይቀድመውም። እሱ የደከመበት ቦታ የሁላችን ማደሪያ ነው።"

"ታዲያ እኔን ለምን ቀጠራችሁኝ?"

"ውሃውን እንድታሳየን ነዋ!"

መጀመሪያ ቀን ካልኩት ማደሪያ ሳንደርስ ጫካው ውስጥ አደርን። ተናደድኩ። ግን ወንድሞች፣ ዓይኔ ያየውን አልክድም። በሬ የሚያክሉ ጎረምሶች ሸክማቸውን ይዘው፣ የአንዲት አሮጊት እርምጃ እየጠበቁ፣ እየዘመሩ ይሄዳሉ። "ፈጠን ይበሉ" ያላቸው አንድ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ጉዞ አይቼ አላውቅም ነበር። እጅግ ደነቀኝ፤ አፌ ግን ማጉረምረሙን አልተወም።

ሪራ ስንደርስ የደምሴ ወባ ወደ እኔ መጣች። ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። "እናንተ ሂዱ፣ ጉባኤው ያመልጣችኋል። ደንቡን አውቀዋለሁ" አልኳቸው። አዴ ጫልቱ ጠፍሩን ከወገቤ ፈቱ። የቀረችው አንድ ቋጠሮ ናት። አጠገቧ ሌላ ቋጠሩ።

"ምን እያደረጉ ነው? በተቋጠረ ላይ አይጨመርም!" አልኩ።

"እሱ ያንተ ደንብ ነው" አሉኝ። "ዛሬ ከሁላችን የደከምከው አንተ ነህ። እንግዲህ መሪያችን አንተ ነህ።"

በማግስቱ ሌላ ጨመሩ፤ በሦስተኛውም ቀን ጨመሩ። የገብስ አጥሚት ያጠጡኛል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጸልዩልኛል። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ጉባኤ ያለ እነሱ ተጀመረ፤ ለማን ብለው? ሲስቅባቸው ለኖረ ቅጥረኛ! ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ላቡ ወረደ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሃሌሉያ! ጎባ ያየኝ ድሬሰር "በዚያ ትኩሳት ሳነቴን ብትወጣ ኖሮ ዛሬ የምመረምረው ሌላ ሰው ነበር" ብሎኛል።

ሳነቴን ስንወጣ ከፊት አሰለፉኝ። እንደ ኤሊ ነው የምሄደው፤ የሚቀድመኝ የለም። ደምሴ የተደገፈው ያ ድንጋይ ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። "አዴ፣ እዚህ ሰው ትቼ ሄጃለሁ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው እንደምንም አጠገቤ ተቀመጡና "ልጄ፣ ሁላችንም በመንገድ ቀርተን ነበር። ጌታ ነው ተመልሶ የመጣልን። ና፣ ወደ እሱ እንሂድ። ከዚያ አንተም ወደ ሰውዬው ትመለሳለህ" አሉኝ። እዚያው በጠራራ ፀሐይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። "ጌታ ሆይ፣ እኔ የተውኩትን አንተ አልተውከውም፤ እኔንም አትተወኝ" አልኩ። አልተወኝም! ክብር ለስሙ ይሁን! ጎባ ስንደርስ ጉባኤው የመዝጊያ ጸሎት ላይ ነበር። ከእኛ መካከል ያዘነ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ሮቤ ሄድኩ፣ ደምሴ ቤት። በር አልከፈተልኝም። ለፋሲካ ተመልሼ ሄድኩ። "ደምሴ፣ ይቅር በለኝ" ስል ከውስጥ ሆኖ "ደንቡ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት በዚህ ሳምንት ነው፤ ከፈተልኝ። ሪራ ላይ የሆነውን፣ የአዴ ጫልቱን ቋጠሮ፣ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ሰማኝ። "በቅሎ አመጣልሃለሁ፣ ጎባ አብረን እንሂድ" አልኩት። "በቅሎ አልፈልግም" አለ። "በእግሬ እሄዳለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ትሄዳለህ።"

ከሮቤ ጎባ ማለት ለእኔ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ሁለት ቀን ፈጀብን! በየድንጋዩ ይቀመጣል፣ "ታዬ፣ ትንሽ ጠብቀኝ" ይለኛል። አንዳንዱን ሆን ብሎ ይመስለኛል። እጠብቀዋለሁ። ሲመሽ አንድ ገበሬ ቤት ተጠጋን። ሰውየው "ጎባ እኮ ይኸው ቅርብ ነው፣ ምን ሆናችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀን። ደምሴ ቀደመኝ። "ማደሪያችን እዚህ ነው" አለው።

ወገኖቼ፣ "ማደሪያችን" ነው ያለው! ሮቤና ጎባ መካከል ማደሪያ የቆጠረ በቅሎ ጫኝ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ይኸው፣ በኋላው ወንበር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። "ለመስማት ብቻ ነው የምመጣው" ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ። ከእናንተም መካከል "እኔ ዘግይቻለሁ፣ ሌሎቹ ሄደዋል" የሚል ካለ፣ ኢየሱስ ጥሎት የሚሄድ መንገደኛ አይደለም፤ እመኑት። ጠፍሩ ይኸው በእጄ ነው፣ የሚቋጠርበት ቦታ ገና ብዙ አለው።

ደምሴ፣ ወንድሜ፣ አትቸኩል። አንተ ስትነሳ እንነሳለን።