የእማ ሀዲጃ ቫይረስ

ከሚሴ ውስጥ የሰው ሰገራ በአክብሮት የምትቀበል ሪሀና ብቻ ናት እያሉ ይቀልዱባታል። እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ናሙና ስትሰበስብ ኖራለች። በሰው አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶች አሉ፤ መድኃኒት ያቃተውን ባክቴሪያ የሚበላ ከተገኘ ብላ ነው ልፋቷ። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ የተጣራውን የናሙና ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ ቫይረስ ካለ የበላበት ቦታ ጥርት ይላል።

ማክሰኞ ዕለት የእማ ሀዲጃ ናሙና ሳህኑን ሙልጭ አደረገው። አለቃዋ ዶክተር ዘመድኩን ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ሐሙስ አዲስ አበባ ሄዶ ለጥናቱ ደጋፊዎች ሊያሳይ ተነሳ። ግኝት ከሌለ ጥናቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ የሪሀናም እንጀራ አብሮ።

ሐሙስ ጠዋት ሪሀና ሁለተኛውን ሳህን ስታይ ሀሞቷ ፈሰሰ። ከጠራው ቦታ ቆንጥራ አዲስ ባክቴሪያ ላይ አድርጋ ነበር። ቫይረስ ቢሆን ተራብቶ እንደገና በበላ ነበር፤ ባክቴሪያው ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ ሳይኖርበት ሳህኑን ሞልቶታል።

ባጃጅ ይዛ እማ ሀዲጃ ቤት በረረች።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላኮ» አሏት ሴትዮዋ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እማ ሀዲጃ፣ ያን ዕለት ለናሙናው የሰጠሁዎትን ብልቃጥ አጥበውት ነበር?»

«በበረኪና ነዋ። ወላሂ፣ ነጃሳውን ባልታጠበ ዕቃ በእጅሽ ላስይዝሽ ኖሯል?»

ብልቃጡ እንዳይታጠብ ለእያንዳንዱ ሰው መንገር የሪሀና ግዴታ ነው፤ ነግሬያለሁ ብላም ትፈርማለች። ለሌላው ሁሉ ነግራለች። በልጅነቷ ቁርአን ያስቀሯት እማ ሀዲጃ ፊት ግን ስለ ሰገራ ማውራት አፍራ፣ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ሰጥታ እብስ ብላ ነበር። ይሉኝታ ጉድ አፈላባት።

መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሊወጣ ነው። ዘመድኩን የሳህኑን ፎቶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ያሳያል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? መስኮቱን ደበደበች።

«ዶክተር፣ ቫይረስ አይደለም፤ ባክቴሪያውን የገደለው በረኪና ነው። ብልቃጡን አጥበውታል።»

«ነግረሻቸው የለ እንዴ? ፈርመሻል እኮ።»

አሮጊት ናቸው፣ ረስተው ነው ብትል ያምናት ነበር።

«አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው።»

ዘመድኩን ቦርሳውን ይዞ ወረደ። አልተቆጣትም።

«ቅጾቹን አምጪልኝ» አላት ቀስ ብሎ። «የሳቸውን ብቻ አይደለም። የፈረምሽባቸውን ሁሉ።»

ሦስት መቶ ቅጽ ነው። ውሸቱ አንዱ ብቻ ነበር፤ ዘመድኩንን ግን አሁን በምን ታሳምነዋለች?