ቆጣሪው የማያውቃቸው አርቦች

ሸኩር አባ ዱራ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ያየ ሰው የለም። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ጎረቤታችን ነበር። ሻይ ሲጠጣ እንኳ አንድ እግሩ ደጃፍ ላይ ነው፤ ብርጭቆውን ሳያጋምስ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። ያኔ፣ በ1978 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ነጭ የጣሊያን መኪና አዲስ ሆና ከመጣች ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ከእሱ በቀር መሪዋን የጨበጠ አልነበረም።

እናቱ እማማ መሪማ አጋሮ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሸኩር ሌላ ልጅም የላቸው። የሸኩር አለቃ ጓድ እንድርያስ ደግሞ አርብ አርብ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በውይይት ክበብ ይቀመጣሉ። ውይይቱ አንዴ ከተጀመረ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማንም ንቅንቅ አይልም። ሸኩር የአዳራሹ በር ሲዘጋ ጠብቆ ከመኪናዋ ሥር ይገባና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ ይፈታል። ከዚያ አጋሮ! ለእናቱ ጋዙንና ዳቦውን አድርሶ፣ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ጀንበሯን በዓይኑ እየለካ ይመለሳል። ገመዱንም ወደ ቦታው ይመልሳል። አለቃው ሲወጡ መኪናዋ በቆመችበት ናት፤ ቆጣሪውና የጉዞ መዝገቡም አንድ ቃል ይናገራሉ።

«ቤንዚኑስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከኪሴ ነው፣ ዋላሂ!» ብሎ ቆጣኝ።

ኅዳር ገብቶ የቡና ለቀማው ሲጧጧፍ ጓድ እንድርያስ ጠሩት። «ሰኞ ሊሙ ገነት እንሄዳለን። ሁለት ቡና ቀማሾች አብረውን አሉ» አሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሸኩር እህል አልበላ አለው። መንገዱ ቁልቁለት የበዛበት ነው፤ እሱ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ነገር ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ፊት፣ በክዳን የተሸፈነ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ አለ። ፒስተኑና ቫልቩ ተራቸውን ጠብቀው እንዲወጡና እንዲወርዱ የሚያደርገው እሱ ነው። የተበጠሰ እንደሆነ ሞተሩ እዚያው ይሞታል፤ ቫልቮቹም ከፒስተኑ ጋር ተላትመው ይጣመማሉ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይደነድናል። መንደራ ቆጪ ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ወልደሰማያት «ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አራት ዓመት፣ ቀድሞ በደረሰው!» ይሉ ነበር፤ ይህን ለሾፌሩ ሁሉ እንደ ፊደል አስቆጥረውታል።

ቅዳሜ ማለዳ ሸኩርን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኙት።

«ምነው፣ በሩ ላይ ነው እንዴ ያደርከው?»

«ጋሼ፣ ቺንጋውን ይቀይሩልኝ።»

ጋሽ ወልደሰማያት አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ቆጣሪውን አዩ። «አርባ ሰባት ሺህ ይላል። ገና ነህ።»

«ይጮኻል።»

«የሚጮኸው አንተ ነህ! ቺንጋ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ነው የሚበጠስ።» ቢሆንም ክዳኑን ፈትተው በባትሪ መብራት ተመለከቱት። «ደህና ይመስላል። ግን በመልኩ አላምነውም፣ የማምነው ቁጥሩን ነው። ያለኝም ይኸው አንድ ብቻ፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው። የጤና ጣቢያዋ መኪና ሃምሳ ስድስት ሺህ ደርሳለች፣ ለእሷ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሸኩር ወደ መንገዱ አየ፤ ወደ መኪናዋ አየ፤ ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው።

«ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ጋሼ።»

«እህ?»

«አርብ አርብ ገመዱን እየፈታሁ… አጋሮ፣ እናቴ ዘንድ። ደርሶ መልስ ዘጠና ነው። መቶ ሃምሳ አርብ ይሆናል።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን አስቀምጠው በጣታቸው አየር ላይ ደመሩ። «ስልሳ ሺህ አምስት መቶ! አንተ፣ ዛሬም የምትሄደው በአላህ ቸርነት ነው።» ወዲያው ሥራውን ጀመሩ። ቺንጋውን ብቻ ቀይረው አይለቁም፤ የሚወጥረውን ኩሽኔታ፣ የውሃ ፖምፓውንና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹንም ጨመሩ። «ፖምፓው ነገ ቢያፈስ ይህን ሁሉ እንደገና ልፈታ ነው? አብሮ ያረጀ አብሮ ይወጣል» አሉ።

ጨርሰው ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አነሡ። ልማዳቸው ነው፤ ቺንጋ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ከኮፈኑ ሥር ይጽፋሉ። ሸኩር እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ አርባ ሰባት ብለው ይጻፉልኝ። ጓድ እንድርያስ ያዩት እንደሆነ እታሰራለሁ።»

«ከእኔ በኋላ ይህን ሞተር የሚከፍተውንስ ሰው ምን ልበለው? እኔ ውሸት አልጽፍም። ካልፈለግህ አሮጌውን መልሼ ልግጠምልህ።»

ሸኩር እጃቸውን ለቀቀ። «ይጻፉት» አለ።

ሰኞ ሞተሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ ቁልቁለቱን ወረደ። ያልተረጋጋው ሸኩር ነው። በቆሙ ቁጥር ዘሎ ይወርድና ኮፈኑን በጀርባው ተደግፎ ይቆማል።

«ምን ቀብረህበታል?» አሉ ጓድ እንድርያስ። «ውሃ እንኳ አታይም?»

ሸኩር ዞሮ ኮፈኑን ራሱ ከፈተው። አለቃው ቀዩን ቁጥር አነበቡ፤ ተመልሰው ቆጣሪውን አነበቡ።

«ይህ የማን ቁጥር ነው?»

«የመኪናዋ ነው፣ ጓድ።»

«ቆጣሪውስ?»

«ቆጣሪው አርብ አርብ አይሠራም።»

ከቀማሾቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሸኩር ግን ከመጀመሪያው አርብ አንሥቶ ሁሉንም ተናገረ።

«እኔ ስለ መንግሥት ንብረት አያያዝ ሳስረዳ መኪናዬ አጋሮ ነበረች?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ከተደበቀ አይቀር ተደብቆ አይቀርም ነበር? ለምን ገለጥከው?»

«ቁጥሩን ካልተናገርኩ ቺንጋው አይቀየርም። ካልተቀየረ ደግሞ እርስዎን ይዤ በዚያ ቁልቁለት…»

ጓድ እንድርያስ አላሳሰሩትም። ጅማ ሲደርሱ ቁልፉን ተቀብለው የመጋዘን ዘበኛ አደረጉት። ሾፌሮች በዚያ ሲያልፉ «ሸኩር፣ ገመዷን ፈታሃት?» እያሉ ይጮኹበት ነበር።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ በአውቶቡስ ተጋፍቶ አጋሮ ገባ። እማማ መሪማ ኮቴውን ሰምተው ከመደቡ ቀና አሉ።

«ኢልመኮ! ልጄ፣ የመኪናው ድምፅ የታለ?»

«በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። እስከ ነገ ጠዋት መመለሻ የለም።»

«አልሃምዱሊላህ!» አሉ እናቱ። «እንግዲያው ጫማህን አውልቅ።»

አወለቀ። ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው አሉ፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።