ወንፈል በካርቱም

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን ልንገራችሁ። እዚህ ካርቱም ከተማ ውስጥ እኔ ስሠራ ቁጭ ብሎ ለማየት ብቻ ደሞዝ የሚበላ ሰው ነበረ። ያውም የተማረ፣ ክራባት ያሰረ!

ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋጋ ነው። ባለቤቴ አለምነሽ ቋጠሮዬን እያጠበቀች፣ "ደብረ ማርቆስ የጭቃ ቤት ትቶ በብሎኬት መሥራት ጀመረ ተብሎ አገር ይለቀቃል እንዴ?" አለችኝ።

"ሱዳን ቤት እንደ እንጉዳይ እየበቀለ ነው አሉ። ልጆቹን ሳላስተምር አልመለስም" አልኳት።

በጭነት መኪና ጎንደር፣ ከዚያ መተማ። ድንበር ላይ ዘበኛው ወረቀት ጠየቀኝ። እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት።

"ይሄ ማኅተም የለውም!"

"ኧረ አለው ጌታዬ፣ ጭቃ ሸፍኖት ነው እንጂ!"

ሳቀና አሳለፈኝ።

የካርቱም ሙቀት! የጮቄን ነፋስ በስልቻ ይዤ መጥቼ ብሆን ዛሬ ባለፎቅ ነበርኩ። እንጀራቸውን ኪስራ ይሉታል፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ወደ ላይ ብታነሱት ጎረቤት ይታያል። ቢሆንም በላሁት፣ ጠነከርኩ።

እኔና ስድስት የጎጃም ልጆች ጡብ ደርዳሪ ሆነን ተቀጠርን። ተቋራጩን እዚህ ሙቃዊል ነው የሚሉት። አንድ ቀን ኡስታዝ ኸሊል የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰዓቱን ይዞ ከች አለ። የሕንፃ ሥራ ለምን እንደሚዘገይ፣ ሠራተኛ በምን ዓይነት ክፍያ እንደሚበረታ ያጠናል። ሙቃዊሉ ደስ አለው።

"ሰነፎች ናቸው ካለ፣ ሐሙስ ሁላችሁም ትባረራላችሁ!"

ጓደኞቼ ደነገጡ። እኔ ግን ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት ተባርሬ ልመለስ ነው? "ወገን፣ ከነገ ጀምሮ በወንፈል ነው የምንሠራው" አልኳቸው። ያው እንደኛ አገር፣ ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ። ለሁለት ተከፍለን ከሁለቱም ማዕዘን ተነሳን፤ እኔ መሐል ቆሜ አቀነቅናለሁ። ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ የተኛ በሬ ያስነሳል።

"ዘፈኑ ጊዜዬን እየበላ ነው!" ብሎ ጮኸ ሙቃዊሉ።

"ተዋቸው እባክህ፣ ጥናቴን አታበላሽብኝ" አለው ኡስታዝ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል።

ረቡዕ ማታ ግድግዳው አልቆ ጣሪያውን ይጠብቅ ጀመር። ኡስታዝ ጉድ አለ። ሰዎቹ ያው፣ ክፍያው ያው፣ ሥራው ግን ሌላ! ሙቃዊሉ እንኳ ጥርሱ ታየ።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ከመካከላችን ጥሩነህ የሚባለው፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ ሙቃዊሉን ቀረበው።

"ጌታው፣ እንግዲህ እርስዎ መቼ ይመጣሉ?"

"የት?"

"እኛ ቤት ነዋ! የተከራየነው ቤት የጓሮ ግድግዳ ወድቋል። ወንፈል ሠራንልዎ፤ ተራው የእርስዎ ነው።"

"ይሄ አድማ ነው! ነገ አንዳችሁንም እዚህ እንዳላይ!"

ጥሩነህ ግራ ገባው። እኔም አልዋሽም፣ ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ወንፈል ተሠርቶለት የሚቀር ሰው የት አገር አለ? ወደፊት ወጣሁ። "ጌታው፣ አንድ አርብ ጭቃ ይርገጡልን ነው ያልነው። ቢያባርሩንም ነገ እዚሁ ነን።"

ኡስታዝ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። "በእሱ ፈንታ እኔ ብመጣስ?"

ተመካከርን። ያልተመቸው ሰው ምትክ መላኩ እኛም አገር ያለ ነው። "ይሆናል" አልነው።

ኡስታዝ ወደ ሙቃዊሉ ዞረ። "እነዚህን ካባረርካቸው ሥራውን ያዘገየው ማን እንደሆነ እጽፋለሁ።" ሙቃዊሉ አጉተመተመ፤ አጉተመተመና ተወን።

አርብ ዕለት ኡስታዝ እውነትም መጣ። ክራባቱን ሸሚዙ ውስጥ ወትፎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። አከራያችን ሓጃ ዘይነብ በበሩ ብቅ ብላ አየችው።

"ዩኒቨርሲቲው አባረረህ እንዴ ልጄ?"

እየወደቀ እየሳቀ ዋለ። ግድግዳው ቆመ። ፉል ስንበላ፣ "አገራችሁ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው?" አለኝ። "ይሄማ ምን አላት!" ብዬ ላወራለት ስል የራሴ ቤት ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ የቀረውን ፉል ወደ እሱ ገፋሁለት።

ውሸት ነው የምትሉ፣ እዚያው ጎጃም የይጁቤው ጨርቅ ነጋዴ ሼህ እድሪስ አለላችሁ። ለንግድ መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር፤ ለጭቃው ውኃ ያቀብል የነበረው እሱ ነው። በዚያው እኔ ቤት ጎራ በሉና፣ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳዬን ማን እየለቀለቀው እንደሆነ ወሬ ላኩልኝ። ሼህ እድሪስ በገበያ ቀን ከሱቁ አይጠፋም። ሂዱ፣ ጠይቁት!